ያልተላጠው ላስቲክ

ባል የስልኩን መብራት በተከፈተው ኮምፒውተር ውስጥ እያበራ ቆሞ ነበር። የሚስቱ የሥራ ባልደረባ ተንበርክኮ የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ይፈታል።

"አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? ዛሬ ብቻ ሦስቴ ግሎ ጠፋብኝ" አለችው ሚስት፣ ሻይ እያቀረበችለት። ሰውዬው የሆነ ነገር ሲላት ከት ብላ ሳቀች። ባል ይህን ሳቅ ከሰማ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ማራገቢያ በገዛ እጁ የገጠመው፣ ይህ ሰውዬ ቤቱ ድርሽ እንዳይል ብሎ ነበር።

ማራገቢያው ከነብረቱ ተነሣ። ሙቀቱን እንዲስብ ፕሮሰሰሩን መንካት የነበረበት ብረት ላይ ስስ ላስቲክ እንደተለጠፈ ነው፤ "ከመግጠምዎ በፊት ይላጡት" ይላል። የባል ጆሮው ጋለ። ሰውዬው አነበበው፣ ቀና ብሎ ባልን አየው፣ ከዚያ ላስቲኩን ላጥ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ሚስት።

"አቧራ ነው። ባለቤትሽማ አሳምሮ ነው የገጠመው።"

ሚስት ወደ ባሏ ዞረች። "የኔ ባለሙያ!" ብላ ትከሻውን ቸብ አደረገችው፤ ዓይኗ በኩራት በራ። በዚህ ዓይን ካየችው ስንት ጊዜው! ይኸንን እይታም የሰጠው ያው ሰውዬ ነው።