ጥቁር ሻሽ

ሃያ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከመነሣቷ በፊት የበላችው በሶ ወደ ጉሮሮዋ ተመለሰ። ወይንእሸት ሳትቆም ጎንበስ ብላ ተፋችው። ግማሹ አገጯ ላይ ተንጠለጠለ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። እጅጌዋም የትናንት ላብ ይሸታል። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ጥፍር ተነሥቷል፤ ካልሲዋ ውስጥ የሚንሸራተተው እሱ ይሁን ጠጠር፣ ለማየት አልፈለገችም።

ከሞጣ በኩል ወደ ቢቸና እየተመለሰች ነው፤ ዛሬ ዳገት ፍለጋ ብላ በማታውቀው መንደር መሐል ገብታለች። ጠዋት በሦስት ሰዓት በምትሠራበት ወረዳ ስብሰባ አለ። አለቃዋ ሩጫዋን "የቦዘኔ ሥራ" ይሉታል፤ ይበሉት። ልትመዘገብበት የፈለገችው የስልሳ ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ አዘጋጆች የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ተኩል መጨረሷን የሚያሳይ የስልክ መዝገብ፣ እስከ ዛሬ ማታ። ሦስት ኪሎ ሜትርና ሃያ ስድስት ደቂቃ ቀርቷታል። ስልኩ አራት በመቶ ነው፤ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። መሐል ላይ ከጠፋባት መዝገቡም አብሮ ይጠፋል።

ቁልቁለቱን ስትወርድ አንዲት አሮጊት ደጃቸው ላይ ኩበት ሲጠፈጥፉ አየች። እሳቸውም ቀና ብለው አዩዋት። ገና በማለዳ፣ ከሞጣ በኩል፣ ጥቁር ሻሽ ራሷ ላይ ሸብ አድርጋ የምትሮጥ ሴት።

እበቱን ጣሉት።

"ወይኔ ልጄን! ወይኔ ቢያድግልኝ!"

መንገዱ ላይ ወጥተው ተደቀኑባት። ልታልፋቸው ስትል ሁለት ጉንጯን በሁለት እጃቸው ያዙ። እበቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በከንፈሯ ጥግ ገባ።

"መቼ ነው? ሌሊት ነው? ንገሪኝ!"

"እማማ፣ ይልቀቁኝ። እኔ ምንም አላውቅም። ማንም አልሞተም!"

"አልሞተም አለችኝ! ወይኔ!" ደረታቸውን መቱ።

ጎረቤቱ እየወጣ ከበባት። አያ ገብረ ሚካኤል የሚሏቸው ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያጣፉ ቀረቡ።

"ልጄ፣ ይህችን ዘርፈሽን አታስጨንቂያት። ነገሩን ጨርሺው።"

"የምን ነገር?"

"ልጇ ከጭነት መኪና ወድቆ ሞጣ ሆስፒታል ከተኛ ሳምንቱ ነው። ከዚያ አይደል የመጣሽ?"

"አይደለም! ለስፖርት ነው የምሮጠው።"

ሽማግሌው ከጫማዋ እስከ ሻሿ ተመለከቷት።

"ማን አሳድዶሽ?"

"ማንም!"

"ማንም ሳያሳድድሽ ነው እንዲህ ጨርቅሽን የጣልሽ?"

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች።

"ሻሹስ?"

"ለብርድ ነው፣ አባባ። የሰውየውን ስም እንኳ አሁን ነው የሰማሁት።"

"ተይ እንጂ። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ አላውቅም ይላል። ቀጥሎ ደህና ነው ይላል። ከዚያ ትንሽ አሞታል። እኛም ስንት ደጅ እንዲህ እያልን ገብተናል።"

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስታትስቲክስ ተምራለች፤ ይህን ግን የትም አላነበበችም። በካደች ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። አንዱ ነጠላውን ሊያዘቀዝቅ ጀምሯል። የሚንሰቀሰቀው ሁሉ አፍንጫውን በእጁ እየጠረገ መልሶ ትከሻዋን ይይዛታል።

ስልኩን አየች። ሃያ አንድ ደቂቃ፤ ሦስት በመቶ። ወደፊት ቁልቁለት ነው፤ ብትፈተለክ ከነዚህ ማን ይደርስባታል? እነሱም ሲያለቅሱ ይውሉና ማታ እውነቱን ይሰማሉ። ይህን አሰበችው፤ አጥርታ፣ እስከ መጨረሻው አሰበችው። አፏ ውስጥ የቀረው በሶ መረራት።

"ስልክ ቁጥሩ አለ?" አለች።

"ሞት በስልክ ይጠየቃል?" አሉ ሽማግሌው።

"ቁጥሩ የት ነው!"

በሩ ላይ በከሰል ተጽፏል። መጨረሻው ዘጠኝ ይሁን ሰባት አይለይም፤ በዘጠኝ ሞከረችው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ዘርፈሽ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደገና ደወለች። አንድ በመቶ።

"ሃሎ! ማነው በጠዋት?" እንቅልፍ የተጫነው የጎረምሳ ድምፅ ነው። ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

"ቢያድግልኝ? ልጄ? አለህ?"

"እማ? ምን ሆነሽ ነው? ኧረ አለሁ፤ ተኝቼ ነበር እኮ። ይልቅ ለሰኞ ድልህ ላኪልኝ፣ አፌ እንዲሁ—"

ስልኩ ጠፋ።

ከዚያ ሳቁ ከለቅሶው ባሰ። ዘርፈሽ ተነሥተው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፤ "ዕድሜሽን ያርዝመው! ወልደሽ ሳሚ! እንትፍ! እንትፍ!" ምራቃቸው ግንባሯ ላይ፣ የግራ ዐይኗ ሽፋን ላይ አረፈ። ትንባሆ ትንባሆ ይላል። ወይንእሸት ዐይኗን ጨፍና አሳለፈችው። ስልኩን ተጫነችው፤ ደግማ ተጫነችው። በጠቆረው መስታወት ውስጥ ጉንጮቿ ላይ ዐሥር የእበት ጣቶች አየች።

"ግቢና ጠላ ቅመሺ እንጂ" አሉ አያ ገብረ ሚካኤል።

ዞራ መሮጥ ጀመረች።

"አንቺ ልጅ! ባሕር ዛፉ ጥግ ያለው ቤትም በሽተኛ አለበት! በእርምጃ እለፊ!"

ስድቡ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ስትል ግን ባሕር ዛፉ ጥግ አንዲት ሴት ለቅሶውን ሰምታ ወጥታለች፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና መንገዱን ታያለች።

ወይንእሸት ቆመች። ሻሿን ፈትታ ኪሷ ከተተች። ከዚያ እንደ ገበያተኛ ቀስ ብላ ተራመደች፤ ጥፍሯ በየእርምጃው ካልሲዋ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ምራቁ ግንባሯ ላይ እየደረቀ ቆዳዋን ይስበዋል።

ሴትዮዋ አንድ እጇን አወረደች። ሌላውን ገና አላወረደችም።