ያለ አማላጅ

የንስሐ አባቱን ካሰናበተ ሦስት ወሩ ነው። «በእኔና በፈጣሪ መካከል ማንም አይገባም፤ መጽሐፉን ስገልጥ ራሱ ያናግረኛል» ይላል ላገኘው ሁሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድሙ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሰድቤህ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

«ጌታን ሳልጠይቅማ አይሆንም!»

ጓዳ ገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፉን ገለጠ። ጣቱ ያረፈው ከመባ በፊት ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ የሚናገረው ቃል ላይ ነበር።

«ይሄ ለሌላ ሰው ነው» ብሎ እንደገና ገለጠ። ሁለተኛው ጭራሽ ይቅርታውን ሰባ ጊዜ ሰባት አደረሰው። መጽሐፉን ከድኖ ወጣ።

«እህ፣ ምን አለህ?» አሉት ጋሽ እጅጉ፣ ሽማግሌው።

«ዛሬስ ዝም አለኝ» አለ፣ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ። «እስቲ ነገ ኑ።»