የጋራ ቆጣሪ

ምንዳዬ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ባበራች ቁጥር ብሬከሩ ይወርድና ቤቱ ይጨልማል። ጎረቤቷ ዝናሽ ከተቀበረች ወዲህ ትኩስ ነገር አልቀመሰችም።

«ምድጃው ሸጋ ነው፣ እትዬ» አላት መብራት ሠሪው ደሴ። «ይኸ ብሬከር የሚወርደው በአንድ ቆጣሪ ሁለት ምድጃ ሲበራ ነው። ጎረቤትዎን በተራ እናብስል ይበሏት።»

«የምን ጎረቤት? በዚህ ግቢ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የዝናሽም ክፍል እንደተቆለፈ ነው።»

«እንግዲያው የሚሻሙዎት አይጦቹ ናቸው» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ዝናሽ በሕይወት ሳለች ሁለቱ ተራ የሚጠያየቁት በግድግዳው በኩል እየተጣሩ ነበር። አመሻሹ ላይ ምንዳዬ ሽሮዋን ጣደች፤ ብሬከሩ ወረደ። መልሳ አነሳችው፤ አሁንም ወረደ። ንዴቱም ብቸኝነቱም አንድ ላይ መጣባትና ግድግዳውን በጡጫዋ መታችው።

«ምነው ዝናሽ! ዛሬ እንኳ ለእኔ ልቀቂልኝ እንጂ!»

ብሬከሩን አነሳችው። አልወረደም። ምድጃው ቀላ፤ ሽሮው ተንተከተከ። ከስንት ጊዜ በኋላ ትኩስ እራት በላች። ምድጃዋን አጥፍታ ሳህኗን ስታነሳ፣ እንደ ልማዷ ከአፏ አመለጣት።

«ጨርሻለሁ፣ ዝኑዬ።»

ከግድግዳው ማዶ ማብሪያ ቀጭ አለ። ጥቂት ቆይቶም ሽንኩርት ሲቁላላ ሸተታት።