የሬዲዮው ባትሪ

ጀልባዋ ወደ ቋጥኙ እየተንሸራተተች ነበር፤ ሁለቱም የናፍጣ ሞተሮች አልነሳ ብለዋል። ልጁን አባቱ "ለየሞተሩ የየራሱን ባትሪ መድብለት" ብለውት ነበር፤ እሱ ግን ባትሪዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ስላገናኛቸው ውኃ መምጠጫው ፓምፕ ሁሉንም ምጥጥ አደረጋቸው። የተረፈው የሬዲዮው ባትሪ ብቻ ነበር።

"አባትህ ይተነፍሳሉ?" አለ በሬዲዮው የወደቡ ሰው። "ሐኪም እየጠራሁልህ ነው።"

"ባትሪውን ንቀለው" አሉ አባቱ፣ ደረታቸውን ጨምድደው።

"አባባ፣ ሐኪሙ እኮ እየመጣ ነው!"

"ቋጥኙ ይጠብቀዋል? ንቀለው፣ አንተ ግትር!"

ነቀለው፤ ድምፁ ተቋረጠ። ባትሪውን ከግራው ሞተር ጋር ሲያገናኘው ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ፤ ጀልባዋ ቋጥኙን ለጥቂት አለፈችው። "አባባ፣ ተነሳልን!" ብሎ ሲዞር የአባቱ እጅ ከደረታቸው ወርዷል። ልጁ ባትሪ የሌለውን የሬዲዮ መነጋገሪያ አንስቶ "አይተነፍሱም፤ ምን ላድርግ?" አለ።