ነዝናዞች

ፍሪጅ በሚሸጥና በሚጠግን ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ሲስተም የያዘው እሱ ነው። ዛሬ ደጋግመው የሚደውሉ ደንበኞችን የሚያሳይ ሪፖርት አዘጋጅ ተባለ። አለቃው ምድባቸው ምን ይባል በሚለው ብቻ ሲያመላልሰው ዋለ። መጀመሪያ «ክትትል የሚሹ» አስባለው፤ ቀጥሎ «ልዩ ደንበኞች»፤ እሱንም አልወደደውም።

«በቃ፣ የፈለግከውን በለው!» ብሎት ወጣ።

እሱም ምርር ብሎት «ነዝናዞች» ብሎ ጻፈ።

አጠገቡ የምትሠራው ሰናይት አየችው። «ሪፖርቱ እኮ ስሙን የሚወስደው ከዋናው ሲስተም ነው። እዚያ የጻፍከው ሁሉም ቦታ ነው የሚወጣው» አለችው።

«ነገ አስተካክለዋለሁ፤ ደክሞኛል» ብሎ ኮምፒውተሩን ዘጋ።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ እናቱ ደወለች።

«ልጄ፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ መልእክት መጣልኝ። ‹ውድ ነዝናዞቻችን፣ ስለ ትዕግስታችሁ እናመሰግናለን› ይላል።»

ከሰልፉ ወጣ ብሎ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ፍሪጁ ቢበላሽብኝ፣ አንተን እንዳላስቸግርህ ብዬ እነሱ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ እንጂ ምን አጠፋሁ? እስቲ ይህን የጻፈውን ሰውዬ ፈልገህ፣ እናት የለህም ወይ በልልኝ።»