የሰልፉ የመጨረሻ መኪና

የቅጣት ወረቀቱ በፖስታ መጣ። የከፈተችው ማርሊስ ናት፤ በዚያ ቤት ፖስታ የምትከፍተው ሁልጊዜ እሷ ናት። ፎቶው ላይ የነሱ ግራጫ መኪና፣ የነሱ ታርጋ፣ ከላይ ደግሞ ቁልጭ ያለ ቀይ መብራት ይታያል።

«ዌንደል! አንተ ሰው! ቀይ መብራት ጥሰሃል እኮ!» ብላ ከወጥ ቤት ጮኸች።

«አዎ» አለ ባሏ ከሳሎን።

እንግዲህ ዌንደል ክሮግ ማለት ይሄ ነው። ከተጠየቀ አይዋሽም፤ ካልተጠየቀ ደግሞ አይናገርም። አሮጌ ፒክአፑን ሊሸጥ ማስታወቂያ ያወጣ ጊዜ፣ የዛገውን ቦታ ሁሉ ለገዢው በጣቱ እየነካ አሳይቶ ሰውየውን በመጣበት የመለሰ ነው። የማርሊስ እህት በምስጋና ቀን «የተርኪው ጥብስ እንዴት ነው?» ብላ ብትጠይቀው «ደርቋል» አላት። ይኸው እስከ ዛሬ አታናግረውም።

የቅጣቱ ገንዘብ ማርሊስን አላሳሰባትም። ዌንደል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ አጭር ነው፤ ቀይ መብራት የጣሰ ሹፌር ልጆች አይጭንም። ማርሊስ ልጅ አልወለደችም። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ «ሃይ፣ ሚስተር ክሮግ!» እያሉ ሲሳፈሩ የባሏ ፊት እንዴት እንደሚፈካ ግን አይታለች። ያን አውቶቡስ ከነጠቁት ሶፋው ላይ ተጎልቶ እንደሚቀር ነው የታያት። ፈራች።

ኮምፒውተሯን ከፍታ የመብራቱን ካሜራ ቪዲዮ ፈለገች። ዌንደልን «ና እይ» ብትለው «እኔ እዚያው ነበርኩ» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ቪዲዮው ላይ መጀመሪያ የሬሳ መኪና አለፈ። ከኋላው የለቀስተኞቹ መኪኖች፣ የፊት መብራታቸውን አብርተው፣ ጣራቸው ላይ የቀብር ድርጅቱን ትንንሽ ባንዲራ ሰክተው ተከተሉ። መሀል ላይ መብራቱ ቀላ። ማንም አልቆመም። ከሁሉም ኋላ፣ ራቅ ብላ፣ የነሱ ግራጫ መኪና አለች። ባንዲራ የላትም።

ማርሊስ በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበችው።

«ተገላገልን! የቀብር ሰልፍ ውስጥ ተቀላቅለህ ነው እኮ! ለቀስተኛን ደግሞ ሕጉ አይነካውም፤ ቀይም ቢሆን ያልፋል። ያው መብራትህ በርቷል! እንኳንም ማጥፋት ረሳህ!»

«ልክፈልና ይለፍ» አለ ዌንደል።

«አውቶቡሱስ?»

ዌንደል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«ለመሆኑ ያን ቀን የጣራ አሸንዳ ልትገዛ አልነበር የወጣኸው?»

«አሸንዳውን አልገዛሁም።»

«እሱንማ ዝናቡ አናቴ ላይ ሲወርድ አወቅኩ!» አለች ማርሊስ። ያን ቀን ባዶ እጁን ገብቶ ራት አልበላም ብሎ ነበር። እሷም ጉንፋን መስሏት የዶሮ ሾርባ ሠርታለት ነበር።

ጋዜጣ አገላብጣ የሚሆናትን ሟች አገኘች። ኦርቪል ፕሩት ይባላል፤ ትራክተር ሻጭ የነበረ፣ ዕድሜ ጠግቦ የሞተ ሽማግሌ ነው፤ የተቀበረውም በዚያው ቀን ነው። ከዚያ ባሏን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ታስጠናው ጀመር።

«በል፣ ማን ነው የሞተው?»

«ኦርቪል ፕሩት።»

«ከየት ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ዌንደል! ትራክተር ሸጦልሃል!»

«ትራክተር የለኝም።»

«ኧረ በሞቴ! አንድ ቀን ብትዋሽ ሰማይ አይደፋብህ! ለነዚያ ልጆች ስትል እንኳ!»

«ሌላ ሰው የሞተ ቢሆንስ?» አለ ዌንደል።

«ማንስ ቢሆን ምን ቸገረህ? ሟቹ ተነስቶ አይመሰክርብህ!»

ዌንደል ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ተነስቶ አሸንዳውን ሊያይ ወጣ።

ጉዳዩ የታየው ማዘጋጃ ቤት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የሚዳኘው ሚስተር ጊልክሪስት ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን በሶፍት እየጠረገ ቪዲዮውን አየ።

«እንግዲህ ሚስተር ክሮግ፣ ለቀስተኛ ነበርኩ ነው የሚሉት?»

«አዎ» አለ ዌንደል።

ማርሊስ ማመን አቃታት። እንዲህ ዓይኑን ሳያሽ ይዋሻል ብላ አልጠበቀችም! ልታጨበጭብ ምንም አልቀራት።

«የማን ቀብር ነበር?»

ዌንደል ዓይኑን ቪዲዮው ላይ ተከለ። ማርሊስ በክርኗ ጎሸመችው። ስሙ ጠፋው፣ ያ ሁሉ ጥናት ውሃ በላው ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ ተነሳች።

«የኦርቪል ፕሩት ነዋ፣ ጌታዬ! ትራክተር የሸጠልን!»

ሚስተር ጊልክሪስት ሶፍቱን አስቀመጠ።

«ወይዘሮ ክሮግ፣ የኦርቪል ቀብር ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔም ነበርኩበት። በዚህ መንገድም አልሄድንም።» ፊቱ ያለውን ወረቀት ገለጠ። «ይሄ የጠዋቱ ሰልፍ የሌላ ሰው ነው። ጆሊን ሄክት የምትባል፣ ገና በአርባዎቹ ውስጥ የነበረች ሴት ናት።»

ማርሊስ ክው አለች። ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። አለቀ። አውቶቡሱን በገዛ አፏ አስነጠቀችው፤ እሱ ዝም ብሎ ቢከፍል ይሻል ነበር።

«ሚስተር ክሮግ፣» አለ ሰውየው ብዕሩን አንስቶ፣ «እርስዎን ነው የምጠይቀው። ይቺን ሴት ያውቋታል?»

ማርሊስ ዓይኗን ጨፈነች። አሁን እውነቱን ሊናገር ነው። ባሏን ታውቀዋለች፤ በቀጥታ ከጠየቁት መዋሸት አይችልም።

«ልጄ ናት» አለ ዌንደል።