ሁለት ባዶ መስመሮች

«ልጄ! ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

ጭንቅላቴ መስኮቱን ተደግፎ ቀርቷል፤ ዓይኔ ተጨፍኗል። ካፒቴኑ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ክንዴን ጨብጠውታል። አውራ ጣታቸው የደም ምቴን ፍለጋ የእጄን አንጓ ይዳብሳል።

ከኋላችን ፈታኙ ሳቁን ይለቀዋል። «ጋሼ፣ ይተዋት፣ ይተዋት! የምር መሰለዎት እንዴ? ራሷን ስታለች እንበል፤ ብቻዎን ነዎት። ፈተናው ይኼ ነው።»

ጣቶቻቸው ቀስ ብለው ከአንጓዬ ይነሳሉ። «እሺ» ይላሉ፣ እንደ ማፈር ብለው።

ያለነው አየር ላይ አይደለም። አዳራሽ ውስጥ በብረት እግሮች ላይ በቆመ የመለማመጃ ክፍል ውስጥ ነን፤ ከመስኮቱ ውጪ ያለው ሰማይ ምስል ነው። ጠዋት ፈታኙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ «ትከሻሽን ሁለቴ ስነካሽ ራስሽን ትስቻለሽ። ዓይንሽን ከገለጥሽ፣ አንዲት ቃል ከተነፈስሽ፣ ያንቺንም ቅጽ አልፈርምም» ብሎኝ ነበር። እኔ ረዳት አብራሪ ከሆንኩ ገና ዓመቴ ነው። ለካፒቴኑ ይህ ሦስተኛ ሙከራቸው ነው፤ ዛሬ ከወደቁ ከእንግዲህ አውሮፕላን አያበሩም።

ከኋላ ቁልፍ ሲጫን እሰማለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ከፊታችን አንድ ደወል ይንጫረራል።

«የአቅጣጫ ኮምፒውተር፣ አንደኛው ጠፍቷል» ይላሉ ካፒቴኑ። «ሁለተኛውም። አጥፍቼ አበራዋለሁ።» ድምፃቸው አሁን የረጋ ነው። ይጠብቃሉ። «አልመጣም። ተቆጣጣሪ፣ ያለሁበትን ቦታ ንገሩኝ።»

ፈታኙ አፍንጫውን ይዞ የመሬት ተቆጣጣሪ ይሆናል። «ራዳራችን ተበላሽቷል፤ እናንተው ንገሩን።» በራሱ ቀልድ ይስቃል። «ጋሼ፣ እኔን ሲያስተምሩኝ ‹ላብህን ጥረግ› ብለውኝ ነበር፤ ያስታውሳሉ? ያ ሁሉ ሰው ፊት? በሉ እንግዲህ፣ ላብዎን ይጥረጉ።»

ካፒቴኑ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ወዳለው ወረቀት ሲዘረጉ ይታወቀኛል።

ወረቀቱ የእሳቸው ሕግ ነው። ከእሳቸው ጋር የሚበር ረዳት ሁሉ በበረራው መንገድ ላይ ባለው በእያንዳንዱ መለያ ነጥብ ሰዓቱንና አቅጣጫውን በእርሳስ ይጽፋል። «ኮምፒውተር ሊጠፋ ሲል ደውሎ አይነግርሽም» ይላሉ። ከሌሎቹ ካፒቴኖች ጋር እንዲህ የሚጽፍ የለም። ዛሬም እየጻፍኩ ነበር። ፈታኙ ከኋላ ጎንበስ ብሎ «ሙዚየም ውስጥ ነው እንዴ የተማርሽው?» ሲለኝ አፈርኩና እርሳሱን አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነጥብ አልፈናል።

ወረቀቱ ከጉልበቴ ላይ ይነሳል። «ጎበዝ ልጅ» ይላሉ ካፒቴኑ፣ ገና ሳያዩት።

ከዚያ ወረቀቱን ሲገለብጡት ይሰማኛል። ጀርባው ላይ ምንም የለም።

አሁን የቀራቸው አንድ ጥያቄ ነው። በመንገዳችን ላይ ያለውን ተራራ አልፈነዋል ወይስ ገና ነን? ካለፍነው ዝቅ ብለው ማረፍ ይችላሉ። ካላለፍነው ዝቅ ማለት የለባቸውም። ፈታኙ ነዳጁን ቀንሶታል፤ ዞረው እስኪያጣሩ አይበቃም። መልሱ እኔ ጋ ነው። የመጨረሻውን ነጥብ ስናልፍ ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ስድስት ደቂቃ ቢሆነን ነው፤ ተራራውን ለማለፍ አሥር ያስፈልጋል። ተራራው ገና ከፊታችን ነው።

«አሥር ደቂቃ ይሆናል?» ይላሉ። የሚጠይቁት ፈታኙን አይደለም። ወደ እኔ ዞረዋል፤ ትንፋሻቸው ጉንጬ ላይ ይደርሳል። «ልጄ፣ አሥር አልሆነም?»

የፈታኙ እጅ ትከሻዬ ላይ ያርፋል። አይጫነኝም። ያርፋል ብቻ።

ዓይኔን ይበልጥ እጨፍናለሁ።

«አሥር ሆኗል» ይላሉ ካፒቴኑ ለራሳቸው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ዝቅ ሲል ሆዴ ውስጥ ይታወቀኛል። ብዙም ሳይቆይ የተራራ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። መሪውን ወደ ደረታቸው ሲስቡት ወንበራቸው ሲጢጥ ይላል፤ ወለሉ አንዴ ይርገፈገፋል፤ ከዚያ ሁሉም ጸጥ።

«ሁለት መቶ አሥር መንገደኛ ተራራው ላይ አለቀ» ይላል ፈታኙ። «አንቺ፣ አሁን መንቃት ትችያለሽ።»

መብራት በርቷል። ፈታኙ ወረቀቱን ከካፒቴኑ እጅ ወስዶ ሁለቱን ባዶ መስመሮች በጣቱ ይከተላቸዋል። «ይቺን መሙላት የማን ሥራ ነበር?»

ካፒቴኑ ያዩኛል። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። ይጠብቃሉ።

«እሳቸው ናቸው ተይው ያሉኝ» እላለሁ። ድምፄ እንደ ወትሮው ቀጭን ነው።

ፈታኙ እውነቱን ያውቃል፤ እርሳሱን ሳስቀምጥ አይቶኛል። ፈገግ ይላል። «እንዲህ ነው፣ ጋሼ?»

ካፒቴኑ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። አንገታቸውንም። ጊዜ ወስደው አጣጥፈው ይመልሱታል።

«አዎ» ይላሉ። «እኔ ነኝ ያልኳት።»

ከወንበሬ ሥር የወደቀውን እርሳስ ጎንበስ ብለው አንስተው ሰጡኝና ቀድመውን በደረጃው ወረዱ። ፈታኙ ሁለቱንም ቅጽ እዚያው ጉልበቱ ላይ ፈረመ። እሳቸው ወደቁ፤ እኔ አለፍኩ። ሰኞ ጠዋት ከሌላ ካፒቴን ጋር በረርኩ።